ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12፦ አንድ ጥያቄ ያስነሣው ሙግት

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ያነሣችው የደመወዝ ሒሳብ የምትሠራ ሴት ናት። ኪቦርዱ ጫፍ ላይ የተደረደሩት አሥራ ሁለቱ የኤፍ ቁልፎች ለምን እንደሚያገለግሉ ነው የጠየቀችው። ነገሩ የመጣው ከቢሮዋ ነው። በቅርቡ የተቀጠረ አንድ ወጣት አጠገቧ ይሠራል። እሷ እስከ ማታ የምትታገለውን ፔይሮል እሱ ከምሳ በፊት ይዘጋዋል። እጁ ማውስ ላይ ሲያርፍ አይታው አታውቅም። ጥያቄዋን በዚህ ብታቆም መልሱ አጭር ይሆን ነበር። እሷ ግን አንድ ሐሳብ ጨመረችበት። ነገሩ ከሥራ ይልቅ ለታይታ ሳይሆን እንደማይቀር፣ እንዲያም ባይሆን በሷ ዕድሜ መቶ ቁልፍ መሸምደድ የማይታሰብ እንደሆነ ጻፈች። ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረውን የመልስ ሰንሰለት፣ ያስረዘመው ይሄ ነው።

የኔም ውሎ ኤክሴልና ወርድ ላይ ስለሆነ እያንዳንዱን መልስ አንብቤዋለሁ። ወደ አርባ የሚጠጉ ናቸው። እዚህ የማቀርበው በራሴ አነጋገር ነው። ቁጥራቸውን የምጠራው ማን ለማን እንደመለሰ እንዳይምታታ ነው። አንዳንዱን አልፈዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ቆም እላለሁ።

መልስ 1 ትሕትና የተሞላ ነበር። ጸሐፊው ጠያቂዋን እህቴ ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ሳይታወቀው አቋራጭ እንደሚጠቀም አስታወሳት። ኮንትሮል ሲ ለመቅዳት፣ ኮንትሮል ቪ ለመለጠፍ፣ ኮንትሮል ዜድ የተበላሸውን ለመመለስ። እነዚህን ከቻለች የቀረውም ከዚህ የተለየ እንዳልሆነ ነገራት። ጥሩ አጀማመር ነበር።

መልስ 2 ዝርዝር ለጠፈ። ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12፣ ከዚያ ኮንትሮል ከኤ እስከ ዜድ፣ ከዚያ አልት፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ። እንዲህ ያለው ዝርዝር በየቴሌግራሙ ይዞራል። ሰው ሴቭ ያደርገዋል፣ ተመልሶ ግን አያየውም። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። ሰው ቁልፍ የሚለምደው አንድ የሚያንገበግበው ሥራ ሲኖረውና ያ ቁልፍ ሲገላግለው ነው። መቶ ቁልፍ ሜዳ ላይ ተደርድሮ ሲያይማ ጠያቂዋ እንዳለችው ተስፋ ይቆርጣል።

መልስ 3 ትንሽ ቆጣ አለ። ዝርዝሩን የለጠፈው ሰው ራሱ ሳይሞክረው ከሆነ ቦታ እንደገለበጠው በቀጥታ ነገረው። ማስረጃውም ኤፍ5 ነበር። ዝርዝሩ ኤፍ5 ማለት ማደስ ነው ብሎ አልፎታል። ይህ ብራውዘር ላይ እውነት ነው። ኤክሴል ላይ ግን ኤፍ5 ወደፈለጉት ሴል (ከሠንጠረዡ ክፍሎች አንዱ) የሚወስደውን ሳጥን ይከፍታል። ፓወርፖይንት ላይ ስላይዱን ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ወርድ ላይ ደግሞ ገጽ ቁጥር ጽፈው የሚሄዱበትን መስኮት ያመጣል። አንድ ቁልፍ፣ አራት ሥራ። አነጋገሩ ቢሻክርም ሰውየው ያነሣው ነጥብ ለጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ነው። የኤፍ ቁልፍ ትርጉም ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት የምሠራበት ፕሮግራም ላይ ኤፍ4 ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ይህንኑ ጥያቄ መልስ 4 መለሰችው። እሷም የሒሳብ ሰው ናት። በኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ለጠያቂዋ የሚጠቅማት መልስ ይሄ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ላስረዳው።

የሠራተኛውን የጡረታ መዋጮ እናስላ። ከደመወዙ 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። ብዙ ሰው 7 በመቶውን በየፎርሙላው ውስጥ ይጽፈዋል። መልስ 4 ያሳየችው ሌላ መንገድ ነው። 7 በመቶውን አንድ ሴል ውስጥ፣ ቢ1 ላይ እንበል፣ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ደመወዙ ከሲ4 ጀምሮ ወደታች ተዘርዝሯል። ዲ4 ላይ እኩል ይሆናል ብላ ሲ4 ሲባዛ በቢ1 ትጽፋለች። አሁን ኢንተር አትነካም። ጠቋሚው ገና ቢ1 ላይ እንዳለ ኤፍ4ን አንዴ ትጫናለች። ከፊደሉም ከቁጥሩም ፊት የዶላር ምልክት ይመጣል። ከዚያ ኢንተር፣ ከዚያ ፎርሙላውን ወደታች ማውረድ። ዲ4ን ይዛ ሺፍትና የታች ቀስቱን እየተጫነች እስከ መጨረሻው ሠራተኛ ትመርጣለች፣ ኮንትሮል ዲ ትላለች፣ አለቀ።

ዶላሩ ባይኖር ምን ይሆናል? ሁለተኛው ሠራተኛ ላይ ፎርሙላው ቢ1ን ትቶ ቢ2ን ያያል። ቢ2 ባዶ ነው። የሰውየው ጡረታ ዜሮ ይሆናል። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። ይህን ያየ ሰው ፎርሙላ አይሠራም ብሎ በካልኩሌተር እያሰላ በእጁ ሲሞላ አይቻለሁ። ኤፍ4ን ደጋግመው ቢጫኑት ዶላሩ ቦታ ይቀያይራል። አንዴ ሁለቱንም ይቆልፋል፣ ቀጥሎ ረድፉን ብቻ፣ ቀጥሎ ኮለሙን ብቻ፣ በአራተኛው ሁሉንም ይለቃል። የመዋጮው መጠን አንድ ቀን ቢቀየር ደግሞ የምትነካው ሴል አንድ ብቻ ናት።

ይህችው ሴት ኤፍ2ንም ጨምራለች። የተጻፈ ፎርሙላ ለማረም ሴሉን በማውስ ሁለቴ መጫን አያስፈልግም። ኤፍ2 ሲነካ ጠቋሚው ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ፎርሙላው የሚያያቸው ሴሎችም በየቀለማቸው ይከበባሉ። ስሕተት ፈላጊ ዓይን ላለው ሒሳብ ሠራተኛ ይህ ቀለም ብዙ ይናገራል።

መልስ 5 ወዲያው ስሞታ ይዞ መጣ። ኤፍ4ን ሲነካ ዶላር ሳይሆን የላፕቶፑ ድምፅ ነው የሚቀያየረው፣ ኤፍ2ን ሲነካ ደግሞ ስክሪኑ ይጨልማል። መልስ 6 አረጋጋው። አሁን ያሉት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የላይኛውን መስመር ለድምፅና ለብርሃን ሰጥተውታል። የኤፍ ሥራውን ለማግኘት ከታች በግራ ያለውን ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብሮ መያዝ ያሻል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤፍኤንን ይዞ ኢስኬፕን መጫን ነገሩን በቋሚነት ይገለብጠዋል። ያ ካልሠራ ባዮስ በሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ መቀየር ይቻላል። እኔ የምጨምረው፣ ብዙ ሰው አቋራጭ መማር የሚተወው እዚህች ጋ ነው። ሞከረው፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ አይሠራም ብሎ ተወው። ማንም ይህን ቀድሞ አልነገረውም።

መልስ 7 ማክ ተጠቃሚ ነበር። ማክ ላይ ዶላሩን የሚያመጣው ኮማንድ ቲ እንደሆነ ጻፈ። መልስ 8 አሟላው፤ አዳዲሶቹ የማክ ኤክሴሎች ኤፍ4ንም ይቀበላሉ፣ ኤፍኤን አብሮ መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል እንጂ። ሁለቱ ተመሰጋገኑ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሙግቱን የጀመረው መልስ 9 ነው። ሰውየው ከጠያቂዋ ጋር ወግኖ፣ የኪቦርድ ሰዎች የሚፈጥኑ የሚመስላቸው ለራሳቸው ብቻ እንደሆነ ተከራከረ። ያመጣው ማስረጃ ተራ አልነበረም። ብሩስ ቶግናዚኒ የሚባለው የአፕል ባለሙያ በፈረንጆቹ 1989 የጻፈውን ጠቀሰ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። ቶግናዚኒ እንዳለው ሰዎች በኪቦርድ እንደሚፈጥኑ ይናገራሉ፤ ሰዓት ሲያዝባቸው ግን ማውሱ ይቀድማል። ምክንያቱም የትኛውን ቁልፍ ልጫን ብሎ ማሰብ ራሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ይበላል፤ ሰውየው ግን ያ ጊዜ አይታወቀውም። መልስ 9 ይህን ካቀረበ በኋላ፣ የወጣቱ ፍጥነት ከቁልፍ ሳይሆን ፎርሙላ ከማወቁ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ደመደመ።

ይህ መልስ ሚዛን አለው። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ልክ ነው። ፎርሙላ የማያውቅ ሰው በኪቦርድ ቢሠራ ስሕተቱን ያፈጥናል እንጂ ሥራውን አያፈጥንም።

መልስ 10 ግን አልተዋጠለትም። አፕል ያን ጊዜ ማውስ እንዲለመድ የሚፈልግ ድርጅት እንደነበር፣ በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኪቦርድ ላይ የቀስት ቁልፍ እንኳ እንዳልነበር አስታወሰ። ይህም እውነት ነው። ዋናው መከራከሪያው ግን ሌላ ነበር። ሁለቱ ሰከንድ የሚባክነው ቁልፉን ማስታወስ ላለበት ሰው ነው። ኮንትሮል ሲን የትኛው ነበር ብሎ የሚያስብ የለም፤ ጣት ለምዶታል። የጣት ልማድ የሆነውን ገና እየተለመደ ካለው ጋር ማወዳደር ትክክል አይደለም።

እኔ ከመልስ 10 ጋር ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማውሱና ኪቦርዱ የሚለያዩት በመደጋገም ነው። በቀን አንዴ የሚሠራ ነገር በማውስ ቢሠራ ምንም አይጎድልም። ሦስት መቶ ረድፍ ላይ የሚደጋገም ነገር ግን ሌላ ነው፤ በየረድፉ እጅ ከኪቦርድ ተነሥቶ ማውስ ፍለጋ ሄዶ ይመለሳል፣ ዓይንም አብሮት ይሄዳል። የት ጋ ነበርኩ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

ከዚያ መልስ 11 ነገሩን አበላሸው። በዚህ ዘመን ማውስ ይዞ የሚንገላታ ሰው ቢሮ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚል ይዘት ነበረው። ጠያቂዋን በቀጥታ ባይጠራትም ለሷ እንደሆነ ይታወቃል። መልስ 12 በንዴት ተነሣ። ጸሐፊዋ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ናት። ማውስ ሳይያዝ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ አንድ መስመር አስምሮ እንዲያሳያት ጠየቀችው። እሷ ቀኝ እጇ ማውስ ላይ፣ ግራ እጇ ኪቦርድ ላይ ነው የምትውለው። ኤፍ8 መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያስገድዳል፣ ኤፍ3 ጠቋሚው የመስመሩ ጫፍ ላይ በትክክል እንዲያርፍ ያደርጋል። ሁለቱም እጅ ሥራ አለው። ሰውን ከመናቅ በፊት የሰውን ሥራ ማወቅ እንደሚቀድም ነግራው ጨረሰች። መልስ 13፣ 14 እና 15 እሷን ደግፈው የተጻፉ ናቸው፤ የመጨረሻው ስድብ ስለነበረበት ተሰርዟል።

ሙግቱ ላይ ውኃ ያፈሰሱበት መልስ 16ን የጻፉት ሴት ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ናቸው። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ማውስ ያልነበረበትን ዘመን ያውቃሉ። ወርድፐርፌክት በሚባለው ፕሮግራም ሲሠሩ ሁሉም ነገር በኤፍ ቁልፍ ነበር። ኤፍ10 ሴቭ፣ ኤፍ7 መውጫ፣ ሺፍት ይዞ ኤፍ7 ማተሚያ፣ ኤፍ6 ማድመቂያ። ይህን ሁሉ ማንም በቃሉ አይዘውም ነበር። ከኤፍ ቁልፎቹ ጋር የሚቀመጥ አንድ ክፍልፋይ ወረቀት አብሮ ይመጣል። በቀለም የተለየ ነው፤ ጥቁሩ ቁልፉን ለብቻው፣ አረንጓዴው ከሺፍት ጋር፣ ሰማያዊው ከአልት ጋር፣ ቀዩ ከኮንትሮል ጋር። ወረቀቱ ሲያረጅ በእጃቸው ገልብጠው አዲስ ይሠሩ ነበር። ለጠያቂዋም የሰጧት ምክር ይኸው ነው። መቶውን ትተሽ፣ የምትፈልጊያቸውን አራት አምስት ጽፈሽ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፊ፤ ሳትመለከቺው መሥራት ስትለምጂ ያንን ልጠሽ ሌላ ለጥፊ።

ከዚህ በኋላ የሁሉም አንደበት ተለወጠ። መልስ 17 እማማ ብሎ እጅ ነሣቸው። መልስ 11ን የጻፈው ሰው ሳይቀር ተመልሶ በመልስ 18 ይቅርታ ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን እሳቸውን እንጂ የንድፍ ባለሙያዋን አይደለም። ይህን አንድ ሁለት ሰው አንሥተውበታል፣ ልክም ናቸው።

መልስ 19 የታሪኩን መሥመር ይዞ ቀጠለ። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ኪቦርድ አሥር የኤፍ ቁልፎች ብቻ ነበሩት፣ እነሱም በግራ በኩል በሁለት ረድፍ ቁልቁል ተደርድረው። አሥራ ሁለት ሆነው ወደ ላይ የወጡት በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ነው። አንዱ ደግሞ በመልስ 20 ኮፒና ፔስትን የፈጠረው ቢል ጌትስ ነው አለ። መልስ 21 አረመው። ነገሩ የተጀመረው በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ነው፤ ስሙ ከዚህ ሥራ ጋር የሚነሣው ላሪ ቴስለር በ2020 አርፏል። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለግራ እጅ እንዲመች እንደሆነም ጨመረ።

እዚህ ላይ ክሩ ወደ አማርኛ ጽሕፈት ነጎደ፤ ከአምስት ያላነሱ መልሶች ከጥያቄው ወጥተዋል። እኔ ግን አልከፋኝም። መልስ 22 ወርድ ላይ ሺፍት ኤፍ3 የእንግሊዝኛውን ፊደል ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲቀይር፣ አማርኛው ላይ ለምን ምንም እንደማያደርግ ጠየቀ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የሚቀየር ነገር የለም። መልስ 23 የቆዩ ፋይሎቹ ሲከፈቱ እንግዳ ምልክት ብቻ የሚሆኑበት ምን ቁልፍ ነክቶ እንደሆነ ጠየቀ። ቁልፍ አይደለም። ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ፣ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲያ በዩኒኮድ የተጻፈው የአማርኛ ዩኒኮድ ፎንት ባለበት በየትኛውም ኮምፒውተር ይነበባል።

መልስ 24 ከእስራኤል የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ በቀን ሦስት ቋንቋ ትጽፋለች፤ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ። ኪቦርዱን የምትቀያይረው አልት ሺፍትን በመጫን ነበር። ችግሩ ሦስት ቋንቋ ሲሆን የትኛው ላይ እንዳረፈች አታውቅም፤ ደብዳቤ ጀምራ ቀና ስትል ግማሹ በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለች። መልስ 25 የዊንዶውስ ቁልፉን ይዛ ስፔስን እንድትነካ መከራት። ያኔ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ስክሪን ላይ ይወጣል፤ እያየች ትመርጣለች። ወርድ ላይ አንቀጽ ወደ ላይና ወደ ታች ለማንቀሳቀስ አልት ሺፍትና ቀስት የሚጠቀም ሰውም ሳያውቀው ቋንቋ ሊቀይር እንደሚችል ጨመረ። ይህ እኔም ጋ ስለሚደርስ፣ በአልት ሺፍት ቋንቋ መቀየሩን ከዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አጥፍቼዋለሁ።

ወደ ጥያቄው የመለሰን መብራት ነው። መልስ 26 ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሠራው ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደጠፋበት ጻፈ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ከሞተ ሰንብቷል፣ ማንም አልቀየረውም። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አንድ ፎርሙላ በጻፈ ቁጥር ኮንትሮል ኤስ ይላል። መልስ 27 ኤክሴል ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ ይህ አላስፈላጊ ድካም ነው አለ። መልስ 28 በዚህ ተቆጣች፤ ቁጣዋ ተገቢ ነበር። በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ ሴቭ የሚያደርገው ፋይሉ ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ለዚያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ዴስክቶፕ ላይ ላለ ፋይል ያለው ማገገሚያ ነው፣ እሱም ካልተቀየረ በየ10 ደቂቃው ነው የሚሠራው። አንዴም ስም ተሰጥቶት ሴቭ ያልተደረገ ፋይል ደግሞ ተመልሶ ለመገኘቱ ዋስትና የለውም። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ቦታ አሥር ደቂቃ ብዙ ነው። ስለዚህ አዲስ ፋይል እንደተከፈተ መጀመሪያ ኤፍ12፣ ስም መስጠት፤ ከዚያ ኮንትሮል ኤስ። ከክሩ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ይህን እወስዳለሁ።

መልስ 29 ፎቶ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። የሠርግ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ራይት ክሊክ እያደረገ ስም ይቀይር ነበር። አሁን ሁሉንም በኮንትሮል ኤ ይመርጣል፣ ኤፍ2 ይነካል፣ የሙሽሮቹን ስም አንዴ ይጽፋል፣ ኢንተር። ዊንዶውስ ቁጥሩን ራሱ ይሰጣቸዋል። ለየፋይሉ የተለያየ ስም ሲፈልግ ደግሞ አንዱን ጽፎ ታብ ሲነካ ወደሚቀጥለው ይወስደዋል።

መልስ 30 የማስጠንቀቂያ ታሪክ ነበር። ፎርሙላው ውስጥ የተመረጠውን ክፍል ኤፍ9 አስልቶ ቁጥሩን እንደሚያሳይ ሰምቶ ሞከረው፣ ቁጥሩን አየ፣ ኢንተር ነካ። ፎርሙላው ቀረና ደረቅ ቁጥር ሆነ። ስሕተቱን ያገኘው ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ነው። ኤፍ9 ፎርሙላ ለመፈተሽ ድንቅ ነገር ነው፤ አይቶ ሲያበቁ ግን የሚነካው ኢስኬፕ ነው።

ከዚያ መልስ 31 መጣ። ይህን ሁሉ ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው ዓይነ ስውር ነው። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በኮምፒውተሩ ድምፅ ሰምቶታል። ማውስ ይበልጣል ኪቦርድ የሚለውን ሙግት በትዕግሥት እንዳደመጠ፣ ለእሱ ግን ጥያቄው ስለ ፍጥነት እንዳልሆነ ጻፈ። ማውስ ነጥብ አይቶ ማነጣጠር ይፈልጋል። እሱ የሚሠራው በኪቦርድ ብቻ ነው። የሚጠቀምበት ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን አንባቢ ነው፤ በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም። ኢንሰርትን ይዞ ቲ ሲነካ የተከፈተውን መስኮት ስም ይነግረዋል። ድረ ገጽ ላይ ኤች ሲነካ ከርእስ ወደ ርእስ ይዘልላል። ኢንሰርት ይዞ ኤፍ7 ሲነካ ገጹ ላይ ያሉት ሊንኮችና ርእሶች በዝርዝር ይቀርቡለታል። ለታይታ የሚባለው ነገር ለእሱ የቢሮው በር ነው።

ቀጥሎ የጻፈው ልብ ይነካል። በቁልፍ በኩል የሚቸግረው ነገር የለም፤ የሚቸግረው ሌሎች የሚልኩለት ነገር ነው። ደብዳቤ በስካነር ተነሥቶ እንደ ፎቶ ይላክለታል፤ ስክሪን አንባቢው ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በራሱ አያነብለትም። ረጅም ሪፖርት ይመጣል፤ ርእሶቹ በሄዲንግ ስታይል (ወርድ ለርእስ ባዘጋጀው ስልት) ሳይሆን ፊደል በማድመቅና በማሳደግ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ላየ ሰው ርእስ ነው፣ ለእሱ እንደማንኛውም መስመር ነው። ኦንላይን ቅጽ ይከፍታል፤ ታብ እየነካ ይሄዳል፣ ላክ የሚለው ቁልፍ ጋ ግን ታብ አይደርስም። ለማውስ ብቻ ነው የተሠራው። ቅጹን ሞልቶ ጨርሶ ለአንዲት ክሊክ ሰው ይጠራል።

ክሩ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም። መልስ 32 እና 33 አመሰገኑት። መልስ 34 የጻፈው ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ የሠራቸውን ቅጾች ማውሱን ነቅሎ በታብና በኢንተር ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚፈትሽ ቃል ገባ። ይህ ማንም ሊያደርገው የሚችል ፈተና ነው። ማውሱን ንቀሉት። ቅጻችሁን ለመሙላት ሞክሩ። የቆማችሁበት ቦታ ሌላውም ሰው የሚቆምበት ነው።

መልስ 35 አጭር ነበር፤ ሰውየው የትኛውን ድምፅ ለአማርኛ እንደሚጠቀም ጠየቀ። ውይይቱም ለሁለቱ ብቻ በሆነ መንገድ ትንሽ ቀጠለ። መልስ 37 ደግሞ ስለ ኪቦርድ ዋጋ ነው፤ እሱን ልለፈው።

መልስ 38ን የጻፈው በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። መልስ 31ን ካነበበ በኋላ፣ ሠራተኛው በየወሩ የሚሞላውን የኤክሴል ቅጽ በታብ ብቻ እንዲሞላ አድርጎ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም። ስለዚህ እዚሁ ልመልስለት።

ይቻላል፣ ብዙም ሥራ የለውም። መጀመሪያ ሰው የሚሞላቸውን ሴሎች ብቻ ምረጥ። የተራራቁ ከሆኑ ኮንትሮልን ይዘህ አንድ በአንድ በማውስ ንካቸው። ከዚያ ኮንትሮል 1 በል፤ የሴሉ ቅርጽ የሚስተካከልበት መስኮት ይከፈታል። የመጨረሻው ገጽ ፕሮቴክሽን ይላል። እዚያ ሎክድ ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት አንሣና ኦኬ በል። ቀጥሎ ሪቪው ከሚለው ውስጥ ፕሮቴክት ሺትን ምረጥ። ከዚህ በኋላ ሺቱ ላይ ታብ የነካ ሰው ከሚሞላ ሴል ወደሚሞላ ሴል ብቻ ይዘልላል። ፎርሙላውንም በስሕተት የሚያጠፋው የለም። ከዝርዝር የሚመረጥ ነገር ያለበት ሴል ላይ ደግሞ አልትን ይዞ የታች ቀስቱን መንካት ዝርዝሩን ይከፍተዋል። ከእያንዳንዱ የሚሞላ ሴል በስተግራ ምን እንደሚሞላ በጽሑፍ አስቀምጥ፤ በቀለም ብቻ አትለየው። ቀለሙን ስክሪን አንባቢው በራሱ አይናገርም። ከመላክህ በፊት ማውሱን ነቅለህ አንዴ ሞልተህ እየው።